ትከሻው የት ሄደ?

ከመንገደኛው ጋር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሽ መንገደኛ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀን ልጆቼን አሳድጋለሁ፣ ማታ ታክሲ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በቅርቡ በሰፋ አንድ ሃይዌይ ላይ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ዳር ልወጣ ስል ዳር የለም። ነጩ መስመር አለ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ግድግዳ። ከኋላዬ ትልቅ መኪና መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ ይመጣል። እያነከስኩ እስከ ኤግዚቱ ደረስኩ። ቸርኬው አበቃለት፣ የኔም ነፍስ ልትወጣ ምንም አልቀራት። መንገዱን ከመስፋቱ በፊት አውቀዋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ክሪክ አውጥቶ ጎማ የሚቀይርበት ትከሻ ነበር። ትከሻውን ወስደው ሌን አደረጉት። መሐንዲሶቹ ሰው ሊሞት ይችላል ብለው አላሰቡም? ወይስ አስበው ነው?
የሌሊቷ ሹፌር

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ።

አስበው ነው።

እንዲህ ስል ጨካኝ አልምሰልሽ። ያንን ማሰብ የኔ እንጀራ ነው። አምስት ኪሎ ሲቪል ምሕንድስና ተምሬ፣ እዚህ መጥቼ አራት ዓመት ፓርኪንግ ላይ ገንዘብ ስቀበል ኖሬ፣ እንደገና ትምህርት ቤት ገብቼ ነው የደረስኩበት። ዲዛይነሩ ሥዕሉን ይዞ ይመጣል። እኔ «ይህ ቢሠራ በዓመት ስንት ግጭት፣ ስንት ቁስለኛ ይጠበቃል? ያኛውስ ቢሠራ?» እያልኩ አሰላለሁ። የደኅንነት ትንተና ይሉታል። ልጄ ለጓደኞቿ «አባዬ ገና ያልሞተ ሰው ነው የሚቆጥረው» ትላቸዋለች። ተይ ብላት አልተወችም።

ያንቺ ጎማ የፈነዳበት መንገድ የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ጥሩ አደረግሽ፣ ሥዕሉን ሳላይ አልፈርድም። ይህ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን ግን ልንገርሽ።

«ለምን መሬት ጨምረው አያሰፉም?» ትይ ይሆናል። አርሊንግተን ውስጥ የሚያልፈውን ኢንተርስቴት 66 አስቢው። መሃሉን ሜትሮ ይዞታል። ዳሩን ብዙ ቦታ ላይ የድምፅ መከላከያ ግንብ ይዞታል። ከግንቡ ጀርባ የሰው ጓሮና የብስክሌት መንገድ አለ። የሰፈሩ ሰው መንገዱ እንዳይሠራ ለዓመታት ተሟግቷል። በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ዊልያም ኮልማን ሲፈቅዱ እንኳ በቅድመ ሁኔታ ነበር፦ ከአራት ሌን እንዳይበልጥ፣ ከባድ ጭነት እንዳይገባበት፣ መሃሉ ለባቡር እንዲተው። በ1982 ተከፈተ። ወደ ዋሽንግተን በሚወስደው በኩል አንዲት ሌን ተጨምራ የተከፈተችው በ2020 ነው፤ ርዝመቷም አራት ማይል ገደማ ነው። ኢንተርስቴት 395 ላይም በመሃል ያሉት ሁለት ሌኖች፣ ጠዋት ወደ ከተማ ማታ ወደ ቤት የሚዞሩት፣ በኖቬምበር 2019 ሦስት ሆነው ተከፈቱ። ስምንት ማይል ያህል ናቸው። የተገኙት በአብዛኛው ድሮ በነበረው ስፋት ውስጥ ነው። በከተማ ውስጥ መሬት እንዲህ ነው፤ ከሰው ጓሮ ካልሆነ ከትከሻ ይመጣል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከመሃሉ ግድግዳ እስከ ዳሩ ግንብ 56 ጫማ አለን እንበል። ድሮ ሦስት ሌን ነበር፣ እያንዳንዱ 12 ጫማ፣ ድምሩ 36። ግራ 10፣ ቀኝ 10 ትከሻ። ሞላ። አራተኛ ሌን ይግባ ተባለ። ሌኖቹ 12 ከሆኑ 48 ይወስዳሉ፣ ለሁለቱም ትከሻ 8 ጫማ ብቻ ይቀራል። 11 ከሆኑ 44 ይወስዳሉ፣ 12 ጫማ ይቀራል። ጋቢው አጭር ነው። እግር ሲሸፈን ራስ ይበርደዋል። የኔ ሥራ የቱን ቢበርደው እንደሚሻል ማስላት ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው ሌኑ ጠበበ ሲባል ነው። እኔ ከሌኑ ይልቅ ለትከሻው ነው የምደነግጠው። የአሜሪካ መንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር፣ በኛ አፍ «አሽቶ»፣ በ2010 የሀይዌይ ሴፍቲ ማንዋል የሚባል መጽሐፍ አወጣ። የፍሪዌይ ምዕራፎቹ በ2014 ተጨመሩ። በነሱ ስሌት ሌን ከ12 ወደ 11 ጫማ ሲወርድ፣ ሰው የሚጎዳበት ግጭት የሚጨምረው በ4 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ነው አልልሽም። ነገር ግን በአራት ሌን ላይ አራት ጫማ ያተርፍልሻል። ያንን አራት ጫማ ለትከሻ ስትሰጪው ብዙ ነገር ይገዛል። በተለይ የቀኙ ትከሻ ሲጠብ፣ ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ የሚላተም መኪና ይበዛል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ቀጥ ካለው መንገድ ይብሳል።

እሺ፣ 12 ጫማ በእጃችን አለ። ለማን ይሰጥ? መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ እንደ ሽማግሌ እኩል ማካፈል ነው፦ ግራ 6፣ ቀኝ 6። ለእርቅ ጥሩ ነው። ለመንገድ ግን እኔ ከሁሉም የምጠላው ስፋት 6 ጫማ ነው። ሰው «ይበቃኛል» ብሎ ይቆምበታል፣ አይበቃውም። መኪናሽ ከነስፖኪዮዋ ከ6 ጫማ ትበልጣለች። ጎኗ ሌን ውስጥ ይቀራል። በር ከፍተሽ ስትወጪማ አንቺም ሌን ውስጥ ነሽ። ግራ 2፣ ቀኝ 10 ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ሁለት ጫማ ላይ ለመቆም የሚሞክር የለም። አሥር ጫማ ላይ የቆመ ይተርፋል።

ጥሩ ይመስላል። ከዚያ ኩርባ ይመጣል።

መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ሌን ያለ ሹፌር ወደፊት የሚያየው በመሃሉ ግድግዳ ላይ አሻግሮ ነው። የዲዛይን መጽሐፉ የሹፌር ዓይን ከመሬት 3.5 ጫማ ከፍ ይላል ብሎ ይነሳል። 42 ኢንች ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚተከለው ረጅሙ የኮንክሪት ግድግዳም ቁመቱ 42 ኢንች ነው። ልክ ዓይንሽ ላይ ይመጣል። ከኩርባው ወዲያ የቆመ መኪና ካለ ግድግዳው ይሸፍነዋል። ምን ያህል አርቀሽ እንደምታዪ የሚወስነው ከግድግዳው ምን ያህል ፈቀቅ እንዳልሽ ነው። ፈቀቅ የሚያደርግሽ ደግሞ ትከሻው ነው።

በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ ሹፌር አይቶ፣ ደንግጦ፣ ፍሬን ረግጦ እስኪቆም 495 ጫማ ይመደብለታል። ራዲየሱ 1,900 ጫማ በሆነ ኩርባ ላይ፣ በድሮው ባለ 10 ጫማ ትከሻ ይህንኑ ያህል ያያል። ትከሻው 6 ጫማ ሲሆን የሚያየው ወደ 418 ይወርዳል። 2 ጫማ ሲሆን 338 ነው። ለ45 ማይል እንኳ የሚፈለገው 360 ነው! ምልክቱ 55 ይላል፣ ሰዉ 65 ይነዳል፣ ዓይኑ የሚያየው ለ40 ማይል የሚሆን ብቻ ነው። ጎማው የፈነዳበት ሰው እዚያ ኩርባ ውስጥ ከቆመ፣ የሚመጣው መኪና ሲያየው ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ 12 ጫማው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ገመድ አንድ ዓይነት ሆኖ አይዘረጋም። ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ለቀኝ ይሰጣል። ወደ ግራ ኩርባው ስንቃረብ ሌኖቹ በቀስታ ወደ ቀኝ ይገፋሉ፣ ጫማው ወደ ግራ ይሻገራል፣ ኩርባው ሲያልቅ ይመለሳል። ሹፌሩ ሳያስተውለው ያልፋል። ዲዛይነሮች ግን አይወዱትም። የውሃ መውረጃው ይዛባባቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ትከሻ የዝናብ ውሃ መጠራቀሚያም ነው። ጠባብ ሲሆን ውሃው ሌን ውስጥ ይተኛል። አንዱን ስትፈቺ ሌላው ይቋጠራል።

አንድ ጊዜ እዚሁ አካባቢ፣ ስሙን በማልጠራው ሥራ ላይ፣ ለሦስት ሳምንት የተከራከርኩት ስለ አንዲት የመኪና ማረፊያ ኪስ ነበር። ግንቡ ትንሽ ወደ ውጭ የሚታጠፍበት ቦታ ነበር። «እዚህ ጋ 12 ጫማ ስፋት፣ ለሁለት መኪና የሚሆን ርዝመት ስጡኝ» አልኩ። በጀት የለም ተባለ። ሒሳቡን በሰዓት ከፋፍዬ አመጣሁ። የነገሩ ብልት እዚያ ነው፣ ያንቺም ጥያቄ መልስ እዚያው ነው።

ሌን መጨመር ራሱ ግጭት ይቀንሳል። ጠዋት መኪና በመኪና ላይ ሲደራረብ ከኋላ የሚጋጨው ይበዛል። አንድ ሌን ሲጨመር ያ ይቃለላል። ስለዚህ ድምሩ ላይ ብዙ ጊዜ «አደጋ ቀነሰ» የሚል ቁጥር ይወጣል። ውሸት አይደለም። ነገር ግን የቀነሰው የጠዋቱ ግጭት ባብዛኛው ፓራውልት የሚያጎድል ነው። የጨመረው የሌሊቱ ነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ሰው ሲፈጥን፣ አንቺ መቆሚያ ስታጪ። ጥቅሙን የበላው የጠዋቱ ሰው ነው። ሒሳቡን የከፈልሽው አንቺ ነሽ። ቁጥሩን አንድ ላይ ካስቀመጥነው አንቺ አትታዪም። ስለዚህ እኔ ሞትና ከባድ ጉዳትን ከቀለም መፋቅ ለይቼ፣ ሌሊቱንም ከጠዋቱ ለይቼ ነው የማቀርበው። ኪሷ ተፈቀደች። አንዲት ብቻ፤ ሁለት ነበር የጠየቅሁት።

ሌኖችን አጥብቦና ትከሻን ቆርሶ ሌን መጨመር ምን እንዳስከተለ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጠንቷል። በ2004 በታተመው ጥናት፣ በአንድ አቅጣጫ ከአራት ወደ አምስት ሌን የተቀየሩት መንገዶች ላይ አደጋ ከ10 እስከ 11 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ከአምስት ወደ ስድስት የሄዱት ላይ ጭማሪው አነስ ይላል፤ ከአጋጣሚ ለይቶ ለመናገርም አልተቻለም። አጥኚዎቹ ያነሡት ሌላም ነገር አለ፦ መጨናነቁ ወደፊት ሲገፋ አደጋውም አብሮት ሊገፋ ይችላል። እኔም የሰፋው ቦታ ላይ ብቻ አልቆጥርም። ማነቆው የተሰደደበት ድረስ ሄጄ እቆጥራለሁ።

ወደ ጎንም እቆጥራለሁ። ሃይዌዩ ሲዘጋ ሰው በሊስበርግ ፓይክ፣ በኮሎምቢያ ፓይክ ይሾልካል። እዚያ ደግሞ መብራት አለ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ የምትመለስ እናት አለች። በማይል ሲሰላ ሃይዌይ ከነዚያ ጎዳናዎች ይሻላል። ሌኗ መኪናውን ከእናትየዋ ጎን ካነሳችልን ያ ደግሞ ለሌኗ የሚቆጠር ነው። ትከሻሽን ሲወስዱብሽ አንዳንዴ የሚሰጡት ለማታውቂያት ሰው ነው። ይህ አያጽናናሽም፤ ግን ሒሳቡ ውስጥ አለ።

ደግሞ ዝም ብሎ አይጠበብም። የፌዴራሉ መንግሥት ለእንዲህ ያሉ ትልልቅ መንገዶች ወሳኝ የሚላቸው አሥር መለኪያዎች አሉ። እስከ 2016 አሥራ ሦስት ነበሩ። የሌን ስፋት፣ የትከሻ ስፋት፣ የማየት ርቀት ከአሥሩ ውስጥ ናቸው። ከነሱ አንዱን ያላሟላ «ለምን እንዳላሟላሁ፣ በምትኩ ምን እንዳደረግሁ» ብሎ ጽፎ ማስፈቀድ አለበት። ዲዛይን ኤክሴፕሽን ይባላል። የሕዝብ ስብሰባ ሲጠሩ ሄደሽ እሱን ጠይቂያቸው። «ትከሻው ለምን ጠበበ?» አትበያቸው፣ ለሱ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ከመቆሚያ ኪስ እስከ መቆሚያ ኪስ ስንት ማይል ነው? ኩርባው ላይ ስንት ጫማ ይታያል? የሌሊቱን ለብቻ አሳዩኝ» በያቸው። ከኋላ ወንበር እንደኔ ያለ አንድ ሰው ቀና ሲል ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ስታንዳርዱን ያሟላ መንገድ ሴፍ ነው፣ ያላሟላ አይደለም ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ልምምድ የገባሁበት ቦታ ግን ሲኒየሩ ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሳቁ ነውር ነው። እኔም ሳቅ አልኩ፣ ግን በራሴ ነው፤ እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው።

ኤዝራ ሀወር የሚባሉ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ፕሮፌሰር አሉ። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች በሙሉ የሳቸው ተማሪዎች ነን ማለት ይቻላል፣ ክፍላቸው ባንገባም። ደኅንነትን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ የስም ነው፦ መጽሐፉ ያለውን አሟልቷል ወይስ አላሟላም? ሌላው የእውነት ነው፦ በዓመት ስንት ሰው ተጎዳበት? ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ አይተዋወቁም። በ1997 ቶሮንቶ አጠገብ ሃይዌይ 407 ሊከፈት ሲል «ይህ መንገድ ደህና ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣና የኦንታሪዮ መሐንዲሶች ማኅበር ቡድን አቋቁሞ አስመረመረው። ሀወር አንዱ አባል ነበሩ። በኋላ የጻፉት ነገር ብዙዎቻችንን ቆንጥጦናል። ስታንዳርድን ጠብቆ የተሠራ መንገድ ደህናም፣ አደገኛም አይደለም፤ የደኅንነቱን መጠን ማንም አስቦ አልወሰነውም፣ እንዲሁ የወጣለት ነው ይላሉ። 11 ጫማ ሌን ከስታንዳርዱ በታች ነው። 12 ጫማው ግን ከሰማይ አልወረደም።

ሲኒየርህ ሊነግርህ የሚገባው ሁለተኛ ነገር አለ። አንድ ኩርባ ላይ በዓመት 9 ግጭት ተቆጠረ እንበል። ሰው ተቆጣ፣ ምልክት ተተከለ። በዓመቱ 5 ሆነ። ምልክቱ ሠራ? ላይሆን ይችላል። የዚያ ኩርባ የወትሮው ቁጥር 5 ከሆነ፣ ከክፉ ዓመት በኋላ ዝም ብትለውም ይመለስ ነበር። አገር ቤት ዝናብ ጠፍቶ ምሕላ ይያዛል፣ በማግስቱ ይዘንባል። ስለ ምሕላው አልናገርም፣ እናቴ ትቆጣለች። ስለ ምልክቱ ግን እናገራለሁ። መፍትሔው የቦታውን የራሱን ቁጥር፣ ተመሳሳይ መንገዶች ላይ ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር አደባልቆ መመዘን ነው። ኢምፒሪካል ቤይስ ይባላል፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ በኤክሴል ይሠራል። መንገድ ከማስፋትህ በፊት ይህን ካልሠራህ፣ ከሰፋ በኋላ የወረደውም የወጣውም በማን ምክንያት እንደሆነ አታውቅም።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ። እኛ ጋ ስማርት ሞተርዌይ ብለው ትከሻውን ሌን አድርገውት ሰው አለቀ ተባለ፣ አሁን ደግሞ አቆምን አሉ። ታዲያ ትንተናው የት ነበር?

መልስ፦ ትንተናው ነበር። የተተነተነውና የተሠራው ነው አንድ ያልሆነው።

በ2006 በርሚንግሃም አጠገብ ኤም 42 በሚባለው ሞተርዌይ ላይ ሲጀመር፣ ትከሻው ሌን የሚሆነው በመጨናነቅ ሰዓት ብቻ ነበር። ፍጥነቱም ያን ጊዜ በመብራት ይቀንስ ነበር። የመቆሚያ ኪሶቹ በ500 ሜትር ገደማ ርቀት ነበሩ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። ከዚያ ወጪ ለመቀነስ ትከሻው ቀንና ሌሊት ሌን ሆነ፣ ኪሶቹም እስከ አንድ ማይል ተኩል ድረስ ተራራቁ። የመጀመሪያውን ጥሩ ውጤት ይዘው ሁለተኛውን ሠሩ። እኔ ይህንን የበግ ዋጋ ጠይቆ ፍየል ከመግዛት አልለየውም። በ2020 መንግሥት ራሱ መርምሮ ርቀቱ ከአንድ ማይል እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ሦስት ሩብ ማይል እንዲሆን አዘዘ። በኤፕሪል 2023 አዳዲሶቹ ተሰረዙ፤ ምክንያቱ ወጪውና ሰዉ እምነት ማጣቱ ነው ተባለ።

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ እነዚያ መንገዶች ላይ ሁሉም የአደጋ ዓይነት አልጨመረም። የቆመ መኪናን ከኋላ መምታት ነው ዋናው ጣጣ። ድምሩን ያየ «ደህና ነው» አለ፣ ልጁ የሞተችበት አባት «አይደለም» አለ። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ከላይ ለሌሊቷ ሹፌር የመለስኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። መጽሔቱን የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። የምትጽፈው ሒሳብ ለኛ አገር መንገድ ይሆናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ ዓመት የነዱ ሰው እኔን መጠየቅዎ አሳፍሮኛል።

አካሄዱ ይሆናል፣ ቁጥሩ አይሆንም። ቅድም የጠቀስኩት የሀይዌይ ሴፍቲ ማንዋል የፍሪዌይ ምዕራፎች የተሠሩት ከካሊፎርኒያ፣ ከሜይንና ከዋሽንግተን ግዛት በተሰበሰበ መረጃ ነው። ሜይን ውስጥ በሃይዌይ ዳር አህያ የሚነዳ የለም። እዚህ ትከሻ ስንል የተበላሸ መኪና ማቆሚያ ነው። አገር ቤት ትከሻ የእግር መንገድ ነው፣ የከብት መንገድ ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ደብተሩን ይዞ የሚሮጥበት ነው። እርስዎ ስንት ጊዜ ክላክስ እያደረጉ አልፈዋቸዋል። ያንን ትከሻ ሌን ያደረገ ሰው፣ በኔ መጽሐፍ ሲያሰላ ጥቂት በመቶ ጭማሪ ያገኛል። በእውነቱ ግን ሰዉን አስፋልት ላይ አውጥቶታል። ያ በየትኛውም የአሜሪካ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ትንሽ ይለያል። አጥር አለው፣ መግቢያ መውጫው የተወሰነ ነው፣ እግረኛ አይፈቀድበትም። እንዲህ ያለው ላይ መጽሐፉ ይቀርባል። ያም ሆኖ መጀመሪያ በአገሩ ቁጥር መስተካከል አለበት። ለዚያ የሚያስፈልገው ኮምፒውተር አይደለም፤ ትራፊክ ፖሊሱ ግጭቱ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደደረሰ ትክክል አድርጎ መጻፉ ነው። «ከድልድዩ አለፍ ብሎ» የሚል ሪፖርት ለኔ ምንም አይሠራም። ለእርስዎ ግን ይሠራ ይሆናል። ድልድዩን ያውቁታል። ከሚያውቋቸው መንገዶች መጥፎዎቹን ሦስት ኩርባዎች ጽፈው ቢልኩልኝ እዚሁ አምድ ላይ አወጣቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ትከሻ በሌለበት መኪናዬ ቢቆም ምን ላድርግ? አጭር መልስ ስጠኝ፣ ባለፈው ወር ሁለት ገጽ ጻፍክ።

መልስ፦ ተቀብያለሁ። መኪናው የሚንቀሳቀስ ከሆነ አትቁም። አደጋ መብራቱን አብራና እያነከስክ ኤግዚት ወይም ኪስ እስክታገኝ ሂድ። ጎማው ይበጣጠስ፣ ቸርኬው ይጣመም። የሌሊቷ ሹፌር ያደረገችው ልክ ነው፣ እሷ ቅር ብሏት ስለጻፈች ነው እዚህ የምደግመው። ጭራሽ እምቢ ካለና ወደ ግድግዳው ጀርባ በሰላም መውጣት የምትችል ከሆነ፣ ከመኪናው ወጥተህ ከግድግዳው ወዲያ ራቅ ብለህ ቁም። መኪናው ፊትም ኋላም አትቁም። መውጣት ካልተቻለ ቀበቶህን እንዳሰርክ ቁጭ በልና 911 ደውል። ቨርጂኒያ ከሆንክ ከሞባይልህ ፓውንድ 77 ብትደውል ስቴት ፖሊስ ያነሳልሃል። ጎማህን ሌን ዳር ቆመህ በስኮርታ እንዳትቀይር። ስኮርታውንም አልፎ አልፎ ንፋስ አለው ወይ ብለህ እየው፤ የኔ ባለፈው ሳምንት አልነበረውም።